ከሦስት ሁለቱን እየሳቱ ለምን ይወረውራሉ? የሦስት ነጥብ መስመር ሒሳብ

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን ቦስተን ሴልቲክስ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2025 በገዛ ሜዳው ኒውዮርክ ኒክስን ሲያስተናግድ 60 ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ወረወረ። የገባለት 15 ብቻ ነው። የሳታቸው 45 ውርወራዎች በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ የጥሎ ማለፍ ታሪክ ከፍተኛው ቁጥር ሆነው ተመዘገቡ። በ20 ነጥብ ሲመራ የነበረው ቡድንም በተጨማሪ ሰዓት 108 ለ 105 ተሸንፎ ወጣ። ወቀሳው ወዲያው ዘነበ፤ ቡድኑ ግትር ነው፣ ወደ ቀለበቱ መግባት ትቶ ዕድሉን ከሩቅ ይሞክራል ተባለ።

ይኸው ቡድን ኦክቶበር 22 ቀን 2024 በውድድር ዘመኑ መክፈቻ ምሽት፣ በዚያው ሜዳ፣ ከዚያው ኒክስ ጋር ሲጫወት ደግሞ 61 ጊዜ ከሩቅ ወርውሮ 29 አስገብቷል። ይህ በአንድ ጨዋታ የተመዘገበውን የሊጉን ክብረ ወሰን የተጋራ ቁጥር ነበር፤ ውጤቱም 132 ለ 109። ያኔ የተባለው ሌላ ነው፦ የወደፊቱ ቅርጫት ኳስ ይህ ነው።

ሁለቱን ምሽቶች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው የቡድኑ ሐሳብ አልተለወጠም። የተለወጠው ከወረወረው ውስጥ የገባው ብዛት ነው። በ2024-25 የውድድር ዘመን አንድ የኤንቢኤ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ37 በላይ የሦስት ነጥብ ሙከራ አድርጓል፤ ሴልቲክስ ብቻውን 48 ገደማ። መስመሩ በሊጉ ሲጀመር በ1979-80 አማካዩ ሦስት እንኳ አይሞላም ነበር። “ጨዋታው ተበላሽቷል” የሚለው ቅሬታና “ሒሳቡ ትክክል ነው” የሚለው መልስ የሚጋጩት በዚህ መሃል ነው። በክርክሩ ውስጥ ግን የመስመሩ ርቀት፣ የውርወራው ዋጋና የዕድል ድርሻ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይነገራሉ።

መስመሩ የት ነው?

መሠረታዊው ደንብ አጭር ነው። ከመስመሩ ውስጥ የገባ ኳስ 2 ነጥብ፣ ከውጭ የገባ 3፣ የቅጣት ውርወራ (ፍሪ ስሮው) 1 ነጥብ ያስገኛል። ወርዋሪው ከመሬት ሲነሣ እግሩ መስመሩን ከነካ ውርወራው የሁለት ነጥብ ነው። ከውጭ ተነሥቶ አየር ላይ ሳለ ከለቀቀው በኋላ መስመሩ ውስጥ ቢያርፍ ግን ሦስትነቱ አይሰረዝም። ዳኞች የተጫዋቹን ጫማ ጫፍ በቪዲዮ ደጋግመው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከርቀቱ ነው። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ ሜዳውን 28 በ15 ሜትር፣ የሦስት ነጥቡን መስመር ከቀለበቱ መሃል 6.75 ሜትር ላይ ያደርገዋል። የኤንቢኤ ሜዳ 28.65 በ15.24 ሜትር ሲሆን መስመሩ 7.24 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ትምህርት ቤትም ሆነ ክለብ ውስጥ የሚጫወት ኢትዮጵያዊ የሚዳኘው በፊባ ደንብ ሲሆን ሌሊት በቴሌቪዥን የሚያየው ግን የኤንቢኤን ነው፤ ሁለቱን እንደ አንድ አድርጎ ማወዳደር ከዚያ ይመጣል። የፊባ መስመር ራሱም እስከ 2010 ድረስ 6.25 ሜትር ላይ ነበር። ሜዳው ከዚያ በፊት ተቀብቶ ከሆነና ካልታደሰ፣ በዚያ ሜዳ ጥሩ ወርዋሪ የተባለ ልጅ በውድድር ሜዳ ላይ የ50 ሴንቲ ሜትር ዕዳ ይጠብቀዋል።

ጥጉ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። የኤንቢኤ ሜዳ ወርዱ 15.24 ስለሆነ ከቀለበቱ መሃል እስከ ጎን መስመሩ ያለው 7.62 ሜትር ብቻ ነው። የ7.24 ሜትሩ ግማሽ ክብ ሳይቋረጥ እስከ ጥጉ ቢሄድ ለወርዋሪው የሚተርፈው ቦታ 38 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ረጅም ሰው በጫማው ተመቻችቶ የማይቆምበት። ስለዚህ መስመሩ ጥጉ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይወርዳልና ርቀቱ ወደ 6.70 ሜትር ያጥራል። በፊባ ሜዳም እንዲሁ ነው፤ ጥጉ ላይ 6.60 ነው። ከሜዳው ወርድ ጥበት የመጣ አስገዳጅ መፍትሔ ነበር። ዛሬ ግን አሰልጣኞች ተጫዋች የሚተክሉበት ቦታ ሆኗል፤ ሽልማቱ ያው ሦስት፣ ርቀቱ ግን በኤንቢኤ ከግማሽ ሜትር በላይ ያነሰ።

የአንድ ውርወራ ዋጋ

ብዙ ተመልካች ውርወራን የሚመዝነው በመቶኛ ነው፦ 45 በመቶ የሚገባው 36 በመቶ ከሚገባው ይሻላል። ነጥብ ግን በመቶኛ አይቆጠርም። ተንታኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ የሚጠበቅ ነጥብ ይባላል፤ አንድ ውርወራ የመግባት ዕድሉ በሚያስገኘው ነጥብ ሲባዛ ማለት ነው። 36 በመቶ የሚገባ የሦስት ነጥብ ውርወራ 1.08 ነጥብ ያወጣል። ከመካከለኛ ርቀት የሚወረወር፣ 42 በመቶ የሚገባ የሁለት ነጥብ ኳስ ግን 0.84 ብቻ ነው። በስሌቱ መሠረት ከሦስት ሁለቱን የሚስተው ተጫዋች ከአምስት ሁለቱን ከሚያስገባው ይበልጣል። 33.3 በመቶ የሚገባ ሦስት ነጥብ ከ50 በመቶ ሁለት ነጥብ ጋር እኩል ነው።

ከቀለበቱ ሥር የሚወረወር ኳስ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። በኤንቢኤ ደረጃ ከቀለበቱ አጠገብ የሚወረወር ኳስ ከ10 ጊዜ 6 ወይም 7 ጊዜ ይገባል፤ 1.3 ነጥብ አካባቢ ማለት ነው። ሁለት የቅጣት ውርወራ የሚያገኝ ሰው፣ የሊጉ አማካይ 78 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 1.56 ነጥብ ይጠብቃል። ስለዚህ “ዘመናዊው ቅርጫት ኳስ ሦስት ነጥብ ብቻ ነው” የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። የተፈለገው ሁለቱ ጫፍ ነው፤ አንድም ቀለበቱ ሥር፣ አንድም ከመስመሩ ውጭ። የጠፋው በመሃል ያለው ነው። ሦስት ነጥብ ሲወረውር ፋውል የተሠራበት ተጫዋች ሦስት ቅጣት ያገኛል፤ 78 በመቶ ለሚያስገባ ሰው ይህ 2.34 ነጥብ ነው። ተከላካይ ሊሠራው ከሚችለው ስሕተት ሁሉ ውዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

36 በመቶውም ቀላል ቁጥር አይደለም። የቀለበቱ ስፋት 45.7 ሴንቲ ሜትር፣ የወንዶች ኳስ ስፋት 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኳሱ ብረቱን ሳይነካ እንዲገባ ከመሃሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊዛነፍ የሚችለው 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከቅጣት መስመሩ ላይ ይህ 1.5 ዲግሪ ገደማ የእጅ ስሕተት ይፈቅዳል፤ ከ7.24 ሜትር ላይ ግን ከ0.9 ዲግሪ በታች። ኳሱ የሚወርድበት አንግልም አለ። በ45 ዲግሪ የሚወርድ ኳስ የሚያገኘው ቀዳዳ ከፊት ወደ ኋላ 32 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ30 ዲግሪ ከመጣ ግን 23 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከኳሱ ከራሱ ይጠብባል። ጠፍጣፋ ወርዋሪ ብረቱን ወይም ቦርዱን ሳይነካ ማስገባት አይችልም የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። አሰልጣኞች “ከፍ አድርገው” እያሉ የሚጮኹትም ያለ ነገር አይደለም።

ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ዘገየ?

በመጀመሪያ ሒሳቡ ራሱ እውነት አልነበረም። በ1979-80 የሊጉ ተጫዋቾች ከሦስት ነጥብ ሙከራቸው ያስገቡት 28 በመቶ ብቻ ነው፤ 0.84 ነጥብ። የሁለት ነጥቡ ውርወራ 49 በመቶ ገደማ እየገባ 0.98 ያስገኝ ነበር። መስመሩን እንደ ማታለያ ቆጥረው የናቁት አሰልጣኞች በዚያን ጊዜ ሒሳባቸው ልክ ነበር።

በ1999-2000 ግን ሁኔታው ተገልብጧል። ሦስት ነጥቡ 35 በመቶ ገደማ ሲገባ ሁለት ነጥቡ 47 በመቶ አካባቢ ነበር፤ 1.06 በ0.94 ላይ። የሆነ ሆኖ ቡድኖች በጨዋታ 14 ያህል ብቻ ይወረውሩ ነበር። ከ2000 በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው እውነተኛው መዘግየት፤ በ2012-13 እንኳ አማካዩ 20 ላይ ነበር።

ለመዘግየቱ የሚጠቀሱት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ረጃጅሞቹ ተጫዋቾች ከቀለበት ሥር እንጂ ከሩቅ እንዲወረውሩ አልሠለጠኑም ነበር። ኤንቢኤ እስከ 2001 የዞን መከላከልን (ሰው ሳይሆን ቦታ እየጠበቁ መከላከልን) ይከለክል ነበር፤ ሲፈቅድ ደግሞ ተከላካይ የሚያጠቃ ሰው ሳይዝ ቀለበቱ ሥር ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆም አዲስ ገደብ አበጀ። በ2004-05 በእጅ ገፍቶ መከላከል ላይ ፊሽካው ጠበቀ። ሁለቱም ለውጦች ሜዳውን ከፈቱት። ከ2013-14 ጀምሮ በሁሉም ሜዳዎች የተተከሉ ካሜራዎች የተጫዋቹንና የኳሱን እንቅስቃሴ መመዝገብ ጀመሩ፤ ግምት የነበረው ነገር ቁጥር ሆነ። ከዚያ የጎልደን ስቴት ዋሪየርሱ ስቴፈን ከሪ በ2015-16 በአንድ የውድድር ዘመን 402 ሦስት ነጥብ በ45 በመቶ ሲያስገባ የሚቃወም ጠፋ። በዋና ሥራ አስኪያጁ ዳሪል ሞሪ ይመራ የነበረው ሂውስተን ሮኬትስ በ2017-18 ከሁለት ነጥብ ይልቅ ሦስት ነጥብ አብዝቶ የወረወረ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ።

በእኔ ግምት ከእነዚህ ሁሉ ትልቁ የሜዳው መከፈት ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነጥቡንም አሻሽሏል። ተከላካዩ ወደ መስመሩ ተስቦ ሲወጣ ቀለበቱ ሥር ባዶ ይሆናል። በ2024-25 የሁለት ነጥብ ውርወራ ከ54 በመቶ በላይ ገብቷል፤ 1.09 ነጥብ ማለት ነው። ሦስት ነጥቡ በ36 በመቶ 1.08 ነው። ሁለቱ ተስተካክለዋል። ከዚህ በላይ ሦስት መወርወር ጥቅሙ እየመነመነ እንደሚሄድ የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ቁጥር ያነሣሉ። ነገር ግን አማካይ ብዙ ይሸፍናል፤ በሁለት ነጥቡ አማካይ ውስጥ ደንክም (ኳሱን ከላይ በእጅ ቀለበቱ ውስጥ መክተት) አለ፣ ሰው ፊቱ ላይ ቆሞበት የሚወረውረው አስቸጋሪ ኳስም አለ።

ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?

ወደ ሴልቲክስ እንመለስ። ቡድኑ በ2024-25 መደበኛ ውድድር ከሦስት ነጥብ ሙከራው 36.8 በመቶ አስገብቷል። እያንዳንዱ ውርወራ ከሌላው ነጻ ነው ብለን ብንነሣ፣ 60 ጊዜ የሚወረውር ቡድን 22 ያህል እንዲያስገባ ይጠበቃል። ከአራት ጨዋታ በሦስቱ ከ18 እስከ 26 ባለው መካከል ያርፋል። 15 ወይም ከዚያ በታች የማስገባቱ ዕድል ከ25 ጨዋታ በአንዱ ገደማ ነው። 29 ወይም ከዚያ በላይ የማስገባቱ ደግሞ ከ20 ጨዋታ በአንዱ። ሁለቱም ምሽት እንግዳ ነበር፤ ተአምር ግን አልነበረም። 82 ጨዋታ በሚጫወት ቡድን ላይ ጥቂት ጊዜ መምጣታቸው አይቀርም።

ከዚህ የሚብሰው የሮኬትስ ምሽት ነው። በሜይ 28 ቀን 2018 የምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ቡድኑ 27 የሦስት ነጥብ ሙከራ በተከታታይ ስቶ በጎልደን ስቴት ዋሪየርስ 101 ለ 92 ተሸነፈ። 36 በመቶ የሚያስገባ ቡድን አንድ የተወሰነ የ27 ውርወራ ቅደም ተከተል ሙሉ በሙሉ የመሳቱ ዕድል ከ170 ሺህ አንድ አካባቢ ነው። በእርግጥ ሊጉ በዓመት የሚወረውረው ብዙ ሺህ ስለሆነ የሆነ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የማየት ዕድላችን ከዚያ ይበልጣል። ነጻ ናቸው የሚለው መነሻም ይጠረጠራል፤ በሰባተኛ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የደከመ እግር ኳሱን አጭር ያደርገዋል፣ ተከላካዩም ያው ቡድን ሆኖ ይቀጥላል።

ይህ ጥርጣሬ የቆየ ክርክር አለው። ሁለት ሦስት ኳስ ያስገባ ተጫዋች ቀጣዩንም ያስገባል የሚለውን የተመልካች እምነት ተመራማሪዎቹ ጊሎቪች፣ ቫሎንና ትቨርስኪ በ1985 በፊላደልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስ ቁጥር ፈትሸው ማስረጃ አጣንበት አሉ። ለ30 ዓመት ያህል “እጁ ሞቋል” ማለት የተራ ሰው ቅዠት ተደርጎ ሲነገር ቆየ። በኋላ ሚለርና ሳንሁርሆ የተባሉ ተመራማሪዎች በአቆጣጠሩ ውስጥ የተደበቀ መዛነፍ አሳዩ። ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውረን በእያንዳንዱ ዙር “ከዘውድ ቀጥሎ ስንት ጊዜ ዘውድ መጣ?” ብለን በመቶኛ ብንመዘግብ፣ ከዘውድ ቀጥሎ ውርወራ የሌለባቸውን ዙሮች ትተን የቀሪዎቹ አማካይ 50 ሳይሆን 42 በመቶ ገደማ ይወጣል። ስምንቱን ዓይነት ውጤት ወረቀት ላይ ጽፎ ማረጋገጥ ይቻላል። ስለዚህ በአጭር ተከታታይ ቁጥር ውስጥ 50 በመቶ ያገኘ ተጫዋች እጁ ሳይሞቅ አልቀረም ማለት ነው። ውጤቱ አነስተኛ ቢሆንም እምነቱ ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። ተመልካች አንዳንዴ ከፕሮፌሰሩ ይቀድማል።

ለአሰልጣኝ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመዋዠቁ ልክ ነው። 60 የሦስት ነጥብ ሙከራ ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ 11 ነጥብ ያህል ያዋዥቃል። 55 በመቶ የሚገቡ 60 የሁለት ነጥብ ሙከራዎች የሚያዋዥቁት 8 ያህል ነው። መዋዠቅ የሚጠቅመው ደካማውን ቡድን ነው፤ ጠንካራው ከመራ በኋላ የሚሻለው የረጋ ነጥብ ነው። በሴልቲክስ ላይ ከቀረቡት ወቀሳዎች ሚዛን የሚደፋው ይህኛው ይመስለኛል፦ ብዙ መወርወሩ ሳይሆን በ20 ነጥብ እየመራም አወራወሩን አለመቀየሩ። ቡድኑ በዚያው ዘዴ በ2024 ሻምፒዮን መሆኑና በቀጣዩ ዓመት 61 ጨዋታ ማሸነፉም መረሳት የለበትም። የረጅም ጊዜው ሒሳብ ከፍሎታል፤ የአንድ ምሽቱ ግን አስከፍሎታል።

መስመሩን ማራቅ ይፈታዋል?

በጣም የሚደጋገመው ሐሳብ ይህ ነው። ማስረጃም አለው። ኤንቢኤ ከ1994 እስከ 1997 መስመሩን በሁሉም ቦታ 6.70 ሜትር ላይ አድርጎት ነበር። የሙከራው አማካይ ከ10 ወደ 15 ዘለለ፣ በሦስተኛው ዓመት 17 ደረሰ። መስመሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ወደ 13 ወረደ። ርቀት ይሠራል ማለት ነው። በሌላ በኩል ዛሬ 37 የሚወረወረው በ1979 ከተሠመረው መስመር ላይ ነው፤ ርቀቱ ሳይነካ ሙከራው ከ12 እጥፍ በላይ አድጓል። ቢርቅ መጀመሪያ የሚተወው መካከለኛው ወርዋሪ ነው። ከሪን የመሰሉት ግን ተከላካያቸውን ይዘው አብረው ይርቃሉ፤ መሃሉም የባሰ ይከፈታል።

ሁለተኛው ሐሳብ ጥጉን መዝጋት፣ ማለትም ግማሽ ክቡ እስከ ጎን መስመሩ እንዲሄድ መተው ነው። ይህ ከርቀቱ የበለጠ ጨዋታውን ይለውጠዋል ብዬ እገምታለሁ። ጥጉ ላይ ወርዋሪ ከሌለ የእሱ ተከላካይ ነጻ ሆኖ ወደ ቀለበቱ ይጠጋል። ያኔ ሦስት ነጥቡ ይቀንሳል፤ ሰዎች ይናፍቁናል የሚሉት ወደ ቀለበት መግባትም አብሮ ይከብዳል። ሦስተኛው የተከላካዩን የሦስት ሰከንድ ገደብ ማንሣት ነው። ፊባ ይህ ገደብ የለውም፤ ስለዚህ በዓለም ዋንጫና በኦሊምፒክ ረጅሙ ተከላካይ ቀለበቱ ሥር ቆሞ መዋል ይችላል። ግን ቀለበቱ ሥር የተዘጋበት አጥቂ ተመልሶ ወደ ሦስት ነጥቡ ነው የሚሄደው።

ስለ ዋጋው ራሱ የሚነጋገር ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። ከሁለት ወደ ሦስት የሚደረገው ጭማሪ 50 በመቶ ነው። ከቶኪዮ ጀምሮ ኦሊምፒክ የገባው የሦስት በሦስት ውድድር በግማሽ ሜዳ ይካሄዳል፤ ከ6.75 ሜትሩ መስመር ውስጥ የገባው 1፣ ከውጭ የገባው 2 ነው። ጭማሪው 100 በመቶ ሆነ ማለት ነው። እዚያ 25 በመቶ የሚያስገባ ወርዋሪ ቀለበቱ ሥር 50 በመቶ ከሚያስገባው ጋር እኩል ይሆናል። ጨዋታው በ10 ደቂቃ ወይም በ21 ነጥብ ስለሚያልቅና የማጥቂያው ጊዜ 12 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ መዋዠቁም የዚያኑ ያህል ነው። የሦስት ነጥብ መብዛት ያስጨነቀው ሰው የሚቃወመው ሽልማቱን ከሆነ መጀመሪያ መነሣት የነበረበት ይህ ነበር።

በቅርቡ መስመሩ ይነካል ብሎ ለመጠበቅ ግን ምክንያቱ ትንሽ ነው። መስመሩን ጥጉ ላይም በ30 ሴንቲ ሜትር የሚያርቅ ሊግ ለወርዋሪው በቂ ቦታ ለመተው ሜዳውን ማስፋት ሳይኖርበት አይቀርም። ሜዳ ሲሰፋ ከሁለቱም ጎን የሚነሣው ከመስመሩ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ነው፤ የክለቦቹ ውድ ትኬቶች የሚሸጡት ደግሞ እዚያ ረድፍ ላይ ነው።